የአያ ይሄነው ቀርቀሃና ግላስ የለበሰው እንስሳ

ከእንጅባራ ወደ ጥሊሊ ሲወጣ፣ ሚኒባሶች ፍጥነት በሚቀንሱበት ኩርባ ላይ አንድ የቀርቀሃ ዳስ አለ። ዳሱ ሥር ቁጭ ብለው ቀርቀሃ የሚሰነጥቁት አያ ይሄነው ናቸው። ወደ ስድሳ የሚጠጉ፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ ዓይናቸው ከእጃቸው የማይነሳ ሰው ናቸው። ወንበር ይሠራሉ፤ አልጋ፣ ቅርጫት፣ የእህል ጎተራም ይሠራሉ። ቀርቀሃው በገጀራቸው ሥር ሲከፈት የሚያሰማው ድምፅ ከመንገዱ ማዶ ካለው ከዑስማን ሱቅ ይሰማል።

አንድ ጠባይ አላቸው። የሚሠሩት ዕቃ ምን እንደሚይዝ፣ ማን እንደሚገለገልበት ሳያውቁ አይጀምሩም። ወንበር ሊገዛ የመጣ ሰው መጀመሪያ ይጠየቃል።

"ማን ነው የሚቀመጥበት?"

"እናቴ ናት።"

"ስትነሳ ጉልበቷን ይዛ ነው የምትነሳ ወይስ መደገፊያውን?"

ሰውየው ካላወቀ፣ "ሂድና አይተህ ና" ይሉታል። ብዙ ገበያ በዚህ ምክንያት ቀርቶባቸዋል። የሄደው ሰው ከተመለሰ ግን፣ እናቱ ከወንበሩ ስትነሳ ማንንም አትጠራም።

ቀርቀሃው የሚመጣው ከቤታቸው ጓሮ ነበር። ከዳሱ ጀርባ ወደ ወንዙ የሚወርደውን ተዳፋት የሸፈነውን ደን የተከሉት አያታቸው ናቸው። በዚያ ሰፈር ቀርቀሃ የሚተከለው ከነሥሩ ተቆፍሮ ነው። ልጅ ጎጆ ሲወጣ አባቱ ከራሱ ደን አንድ ጉማጅ ሥር ይሰጠዋል፤ ያ ሥር በተራው ደን ይሆናል። ሁሉም ሰው የሚያውቀው ይህንኑ ነው። ቀርቀሃ ከዘር ሲበቅል ያየ ሰው አልነበረም፤ ቀርቀሃ ዘር አለው ብሎ ያሰበም አልነበረም።

ከአራት ዓመት በፊት፣ ዝናቡ እንዳቆመ፣ ደኑ አበበ። አበባው የሚያምር ዓይነት አይደለም፤ ከየአንጓው የተንጠለጠለ፣ እንደ አጃ ዛላ ያለ ቡናማ ነገር ነው። የሰፈሩ ቀርቀሃ በሙሉ በአንድ ሰሞን አበበ። ሽማግሌዎች መጥተው አዩት፤ አንዳቸውም እንዲህ ያለ ነገር አላጋጠማቸውም። ገናና ጥምቀት ካለፈ በኋላ ቅጠሉ ረገፈ፣ ግንዱ ነጣ። መጋቢት ላይ ከወንዙ ወዲህ ያለው ቀርቀሃ ሁሉ ቆሞ ሞቶ ነበር። ነፋስ ሲመጣ ግንዱ ከግንዱ እየተጋጨ እንደ አጥንት ይንቋቋል። እንዲህ የሞተ ቀርቀሃ ደግሞ ለሥራ አይሆንም። ሲሰነጥቁት ይሰበራል።

ጎረቤቶች ጊዜ አልፈጁም። ደናቸውን ነቅለው፣ ሥሩን አውጥተው፣ ባሕር ዛፍ ለመትከል ጉድጓድ ቆፈሩ። ያልነቀሉት አያ ይሄነው ብቻ ነበሩ። ነቅለው ባሕር ዛፍ ከተከሉ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖሩበት ሥራ አብሮ መነቀሉ መሆኑን ያውቃሉ። ባለቤታቸው እትዬ በቀለችም ያውቃሉ። ግን የሞተ ደን እያዩ መኖር ሰልችቷቸው ነበር።

"እስከ መቼ ነው አስከሬን የምትጠብቅ?" ይሉ ነበር።

"አልቀበርኩትማ።"

"እኮ ቅበረው!"

የእትዬ በቀለች ታናሽ ወንድም አዝመራው በዚህ ነገር ከእህቱ ጎን ነው። አዝመራው የፈረስ ሰው ነው። ዳማ ፈረሱን ከራሱ አስበልጦ ያበላል፤ በየዓመቱ ጥር ላይ በሚደረገው የፈረሰኞች በዓል ከፊት ካልጋለበ ዓመቱ ዓመት አይመስለውም። ሚያዝያ ላይ መጥቶ ቁርጡን ነገራቸው። ክረምቱ ሳይገባ ሰው ጠርቶ በደቦ ያስነቅለዋል፤ የባሕር ዛፉን ችግኝ ራሱ ያመጣል።

"እሺ" አሉ አያ ይሄነው በመጨረሻ። ድምፃቸው አልተሰማም ማለት ይቻላል። "ግንቦት ይጋመስ፤ ከዚያ ንቀሉት።"

መምህርት ሀዲያ ወደ ዳሱ የመጣችው በዚያው ሳምንት ነው። የዳንግላ ልጅ ናት፤ እንጅባራ ውስጥ ባዮሎጂ ታስተምራለች። ከባጃጅ ወርዳ፣ ሻሿን ከነፋሱ እየያዘች፣ አንዱን ወንበር ዞራ አየችው።

"አያ ይሄነው፣ እንስሳ ሊሠሩልኝ ይችላሉ?"

"የምን እንስሳ?"

"አሁን የለም።"

"የት ሄደ?"

"ዘሩ ጠፍቷል። ሁለት መቶ ሃምሳ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይሆነዋል።"

አያ ይሄነው ገጀራቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። "ታዲያ ምን አስቸኮለሽ?"

ሀዲያ ሳቀች። ያስቸኮላት የትምህርት ቤቶች የሳይንስ ዐውደ ርዕይ ነው። ተማሪዎቿ ስለ ታላቁ እልቂት ይማራሉ፤ ሥዕል ብቻ ሲያዩ ግን ተረት ይመስላቸዋል። የሚዳሰስ፣ የሚዞሩት፣ ቁመቱን በራሳቸው ቁመት የሚለኩት ነገር ፈለገች። ከቦርሳዋ ሥዕሉን አወጣች። አጭር፣ ወፍራም እንስሳ ነው፤ አፉ እንደ ኤሊ አፍ፣ ከላይኛው መንጋጋው ሁለት ጥርስ ወደ ታች ወጥቷል።

"ሊስትሮሳውረስ ይባላል።"

"ስሙን ተዪው። ምን ይሠራል?"

"እንዴት ምን ይሠራል?"

"የማላውቀውን ነገር አልሠራም። ምን ይበላል? የት ይተኛል? ምን ያስፈራዋል?"

ሀዲያ ሰዓቷን አየች፤ ከዚያ አንዱ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ድሮ፣ አለቻቸው፣ ዛሬ ሳይቤሪያ በሚባለው አገር ምድር ተሰነጠቀች። የዘንገና ሐይቅ የተኛበት ዓይነት አንድ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ አይደለም፤ አገር የሚያህል መሬት እሳት ተፋ። አንድና ሁለት ዓመትም አይደለም፤ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ዓመት። ጋዙ አየሩን ለወጠው፤ ምድር ጋለች። ዝናቡ ኮመጠጠ። ባሕሩ ሞቀና በውስጡ የሚተነፈስ አየር አጣ። ከባሕር ፍጥረት ከአሥሩ ዝርያ ዘጠኙ ያህል ጠፋ፤ በየብስ ካሉት ባለ አጥንት እንስሳት ከአሥሩ ሰባቱ ያህል። ደኑም ወደቀ። ከዚያ በኋላ ወደ አሥር ሚሊዮን ዓመት በሚሆን ጊዜ ውስጥ በተነጠፈ ድንጋይ የድንጋይ ከሰል አይገኝም። ከሰል የሚሆን ደን በምድር ላይ አልነበረማ።

አያ ይሄነው አንገታቸውን ወደ ጓሮአቸው አዞሩ። ነጭ ግንዶቹ ይታያሉ።

"ይሄን ሁሉ ዘመን ቄሱ አልነገሩኝም" አሉ።

"እኔም ቁርአን ቤት አልሰማሁትም። ድንጋይ ውስጥ ነው የተገኘው።"

"ድንጋዩንስ ማን ፈጠረው?"

"አላህ።"

"እንግዲያው ተስማማን። ቀጥዪ። ይሄኛው እንዴት ተረፈ?"

"በትክክል የሚያውቅ የለም። ብዙዎች የሚሉት ጉድጓድ ይቆፍር ነበር ነው። ላዩ ሲነድ እሱ ታች ነው። ምግብም አይመርጥም፤ ያገኘውን ይነጫል። ትልልቆቹ ሁሉ አልቀው እሱ ምድሩን ሞላው። በአንዳንድ አገር ከዚያ ዘመን የሚገኘው አጥንት አብዛኛው የእሱ ነው።"

አያ ይሄነው ሥዕሉን ተቀብለው ለረጅም ጊዜ አዩት። አስቀያሚ ነበር። ተቀጥቅጦ የተነሳ ይመስላል።

"ጎበዝ ነህ" አሉት እንስሳውን በአገሩ ቋንቋ፣ በአውኚ። ከዚያ ወደ ሀዲያ ዞረው፣ "እሠራዋለሁ" አሉ።

ቆጥ ላይ፣ ከማበቡ በፊት የተቆረጠና ጭስ የጠገበ ጥቂት ጤነኛ ቀርቀሃ ነበራቸው። ለመጨረሻ ወንበር ያስቀመጡት ነው። አወረዱትና እንስሳውን ከሆዱ ጀመሩ፤ ጉድጓድ ውስጥ የሚተኛ እንስሳ ሆዱ መሬት ይነካል ብለው። የፊት እግሮቹን ከኋላዎቹ አወፈሩ፤ የሚቆፍረው በእነሱ ነውና። ሀዲያ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እያለፈች ታያለች፣ ታርማለች። አንድ ቀን ከእግሩ ሥር ሣር ጎንጉነው አገኘቻቸው።

"ሣር አይሆንም፣ አያ ይሄነው። ያን ጊዜ ሣር ገና አልነበረም።"

"ሣር ያልነበረበት ዘመን አለ?"

"ነበረ።"

"ታዲያ ያ ሁሉ ዛፍ ከወደቀ በኋላ መጀመሪያ የበቀለው ምንድን ነው?"

"ትንንሽ ነገር። እንደ ፈርን ያለ፤ ወንዝ ዳር ጥላ ሥር የሚወጣው፣ ቅጠሉ እንደ ላባ የተሰነጣጠቀው። ሰው የማይቆጥረው ዓይነት ተክል። ከጉድጓድ የወጡት እንስሳትም ትንንሾች ነበሩ። ከእነዚያ ትንንሾች የአንዱ ዝርያ ነው በስተኋላ የእኛን፣ የአጥቢዎችን ዘር ያመጣ።"

አያ ይሄነው ሣሩን ፈቱት።

ዑስማን ከሱቁ ደጃፍ ሆኖ ይህን ሁሉ ይከታተላል። ዕለት ዕለት የሚያድገውን ነገር ሲያይ ቆይቶ አንድ ቀን መንገዱን ተሻገረ።

"አያ ይሄነው! እንዴት ሱቄ ፊት ለፊት አሳማ ይሠራሉ?"

"አሳማ አይደለም። አሳማ ገና አልተፈጠረም።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"መምህርቷ እንዳለችኝ ከሆነ የሩቅ ዘመድህ ነው።"

"የእኔ ብቻ?"

"የእኔም ነው።"

"እፎይ" አለ ዑስማን። "ብቻዬን አልችለውም ነበር።"

በዚህ መሀል የግንቦት ዝናብ ጣለ። በሞተው ደን ውስጥ፣ በነጩ ግንድ መካከል፣ ቀጭን ለምለም ሣር ወጣ። ደኑ ቆሞ ባለበት ብቻ ነው የወጣው፤ የተነቀለው የጎረቤት መሬት ጭቃ ሆኖ ቀርቷል። አዝመራው ሲያየው ደስ አለው። ዳማውን አምጥቶ እዚያ አሰረው።

"ዳማዬ እንዲህ ያለ ሣር በልቶ አያውቅም" አለ። "ቢያንስ ለዚህ በጀዎት፣ አያ።"

አያ ይሄነው ቀርቀሃቸውን መሰንጠቅ ቀጠሉ። ወደ ደኑ መግባት ትተው ነበር።

የዐውደ ርዕዩ ዕለት ጠዋት ሀዲያ ከጋሪ ጋር መጣች። እንስሳው ዳሱ ፊት ቆሟል። እሷ ያላዘዘችው ነገር ግን ጀርባው ላይ ነበር፦ በቀይና በቢጫ ክር የተጠለፈ ግላስ፣ በዳር በዳሩ ዘርፍ የተንጠለጠለበት። ግንባሩ ላይም የፈረስ ጌጥ ታስሯል። ግላሱ የእትዬ በቀለች አባት ፈረስ ይለብሰው የነበረ ነው። ከሣጥን አውጥተው ለእንስሳው ልክ ያጠበቡት ራሳቸው እትዬ በቀለች ናቸው። ይህን ሁሉ ሳምንት የሞተ ደን ቅበር እያሉ ሲነዘንዙ የከረሙት ሴትዮ፣ ጠርዙን ሲሰፉ ማንም አላያቸውም።

ሀዲያ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። "አያ ይሄነው፣ ምን አደረጉ? ዳኞቹ ይስቁብናል። ያን ጊዜ ሰው እንኳ አልነበረም!"

"አንቺ ነሽ የነገርሽኝ። ምድር ተቃጥላ፣ ባሕር ሞቶ፣ ደን ወድቆ፣ እሱ አልፏል ብለሻል። ከእንዲህ ያለ ነገር ያለፈ እንስሳ ራቁቱን አደባባይ ይወጣል?"

"ሳይንስ ነው እኮ!"

"ሳይንሱ ሥር ነው፤ ግላሱ ከላይ ነው" አሉ እትዬ በቀለች። "በይ ሂጂ፣ ዝናብ ሳይመጣ።"

ጋሪው ወደ ከተማ ሲገባ የባጃጅ ሾፌሮች ጡሩምባ ነፉ። ገበያ የሚወርዱ ሴቶች ምን እንደሆነ ሳያውቁ እልል አሉ፤ ግላስ ለብሶ የሚያልፍ ነገር ያለ እልልታ አይታለፍም። አያ ይሄነው ከጋሪው ኋላ በእግራቸው ይራመዳሉ። አንገታቸው ቀና ብሎ ነበር። እንዲያ ቀና ብሎ የታየበትን ጊዜ ለማስታወስ ሩቅ መሄድ ያስፈልጋል።

በአዳራሹ ውስጥ ከሌላ ቦታ የመጡ ዳኞች ነበሩ። አንደኛው መነጽሩን አስተካክሎ ግላሱን ነካ።

"ይህ ጨርቅ ሳይንሳዊ ነው?"

ጠዋት ዳኞቹን የፈራችው ሀዲያ ወደ ፊት ወጣች። "ጨርቁ ሳይንሳዊ አይደለም። ከጨርቁ በታች ያለውን ይጠይቁኝ፣ እመልሳለሁ። ጨርቁ የአክብሮት ነው፤ እኛ አገር ትልቅ ነገር ሠርቶ የመጣን ፈረስ እንዲህ ነው የምናደርገው።"

ዳኛው ጠየቃት፣ መለሰች። ስለ ጥርሱ፣ ስለ ጉድጓዱ፣ ስለ ጋዙ፣ ስለ ባሕሩ፣ ከዚያ በኋላ ሕይወት ለመመለስ ስለ ፈጀባት ሚሊዮን ዓመታት። የሳቀ ዳኛ አልነበረም። ከዳኞቹ በኋላ ሰው ጎረፈ። አውኚ ብቻ የሚናገሩ የገጠር ወላጆች መጥተው ስለነበር፣ ለእነሱ የሚነግሯቸው አያ ይሄነው ሆኑ። መጀመሪያ ዓይናቸውን ከእንስሳው ሳያነሱ ተናገሩ፤ ቆይቶ ግን ድምፃቸው ለሠርግ እንደተጠራ ተናጋሪ ሞቀ። እሳቱን፣ የኮመጠጠውን ዝናብ፣ የወደቀውን ደን ነገሯቸው። ሰው እየተጠጋ ያዳምጣል።

ከግምጃ ቤት ከተማ የመጡ አንዲት አሮጊት በምርኩዛቸው እንስሳውን ጠቆሙት።

"አንድ ነገር አልገባኝም" አሉ። "የሚያውቀው ምግብ ሁሉ ጠፍቷል። አዲስ የበቀለው ደግሞ ትንሽ ነው፣ አያውቀውም። ምግቡ መሆኑን በምን ለየው?"

አያ ይሄነው ሳያስቡ መለሱ። "ዝቅ ብሎ ነዋ፣ እናቴ። እሱ ከመሬት ጋር ነው። ትልቁን ዛፍ ቀና ብሎ ሲጠብቅ ቢሆን፣ እግሩ ሥር የበቀለውን ረግጦት ይሞት ነበር።"

አሮጊቷ ቀጣዩን ይጠብቃሉ። አያ ይሄነው ግን ዓይናቸውን ወደ እንስሳው እግር ጥለው ቆመዋል፤ ሣር ጎንጉነው የፈቱበትን ቦታ ያያሉ። ከሞተው ደን ሥር የወጣው ሣር ትዝ አላቸው። ቆሞ ባለው ቀርቀሃ ሥር ብቻ። ከአጥሩ ማዶ አንዲት ዘለላ እንኳ የሌለ። ለምን?

እትዬ በቀለች በዚህ ጊዜ ነጠላቸውን አጣፍተው ገቡ። እንስሳውን በሕዝብ መካከል ሲያዩት ፊታቸው በራ። ባላቸውን ሲያዩ ግን ትንሽ አፈሩ።

"አዝመራው ሰዎቹን ዛሬ ጠራቸው" አሉ። "ሳልነግርህ የቀረሁት ደስታህን እንዳልበርዘው ብዬ ነው። ነገ የሰኔ ሚካኤል ነው፣ ከዚያ ቅዳሜ፣ ከዚያ እሑድ፤ ከዛሬ ሌላ ቀን የለም አለኝ። ሳልወጣ በፊት ዶማቸውን ይዘው መጥተዋል።"

አያ ይሄነው ከሰው መካከል እየተጋፉ ወጡ። ሀዲያ ከኋላቸው ጠራቻቸው። አልዞሩም። በር ላይ የቆመ ባጃጅ ውስጥ ዘለው ሲገቡ ነው የደረሰችባቸው፤ እሷም ገባች፣ እትዬ በቀለችም እያለከለኩ ደረሱ።

"ጥሊሊ መንገድ፣ ኩርባው ጋ" አሉ አያ ይሄነው። "ንዳ! እንደ ፈረስ ንዳው!"

"ምን ተፈጠረ?" አለች ሀዲያ።

"ያ ሣር። ለፈረስ ያበላነው ሣር።"

ሲደርሱ ሰዎቹ ከደኑ ጥግ ጀምረው ነበር። ጥቂት ግንድ ተነቅሎ ወድቋል። ዳማው በመካከል ታስሮ አንገቱን ደፍቶ ይነጫል። አያ ይሄነው አጥሩን በእጃቸው ገፍተው ገቡና ከቆፋሪዎቹ ፊት በጉልበታቸው መሬት ላይ ወደቁ። ዶማ ያነሳ ሰው ዶማውን አየር ላይ አቆመው።

"አቁሙ!"

አዝመራው መጣ። "አያ! ቃል ሰጥተውኝ አልነበር? ሰው ሰብስቤ፣ ጠላ ተጠምቆ፣ አሁን ሣር አቅፈው ሊያለቅሱ ነው?"

"ፈረስህን አውጣ።"

"ፈረሴ ምን አደረገዎት? ሣር ነው የሚበላ!"

አያ ይሄነው በጣቶቻቸው ከአንዷ ዘለላ ዙሪያ አፈሩን መፈልፈል ጀመሩ። እጃቸው ቀርቀሃ ሲሰነጥቅ የሚቸኩል እጅ ነው፤ አሁን ግን ሕፃን እንደሚያጥብ ሰው ዝግ አለ። ዘለላዋ ከነሥሯ ወጣች። ሀዲያ አጠገባቸው ተንበረከከች፤ ቀሚሷ ጭቃ ሆነ።

"አንቺ ታውቂዋለሽ?" አሏት።

"አላውቀውም። የቀርቀሃ ቡቃያ ከዘር ሲወጣ አይቼ አላውቅም። ግን ከዘር ከሆነ ዘሩ ሥሩ ላይ ይኖራል። አፈሩን በቀስታ ያራግፉት።"

አራገፉት። ከሥሩ መነሻ ላይ፣ በቀጭን ክር የተያዘ፣ ቡናማ ባዶ ቅርፊት ተንጠልጥሏል። ሀዲያ ለዐውደ ርዕዩ ካዘጋጀችው ዕቃ ማጉያ መስታወቱ ኪሷ ውስጥ ቀርቶ ነበር፤ አውጥታ ሰጠቻቸው። አያ ይሄነው ቅርፊቱን አዩት። ከዚያ ተነስተው ከአንዱ የሞተ ግንድ የደረቀውን አበባ ቀነጠሱ፤ ያንን የአጃ ዛላ የሚመስለውን። ከውስጡ አንድ ቅርፊት አወጡና ከሥሩ ላይ ካለው ጋር ጎን ለጎን መዳፋቸው ላይ አኖሩት።

አንድ ነበር። ርዝመቱ፣ ጫፉ ላይ ያለው ሹል ጢም፣ ጎኑ ላይ ያለው መስመር።

"አዝመራው፣ ና" አሉ። "አንተ ዓይንህ ከእኔ ይሻላል። ና እይ።"

አዝመራው ማጉያውን ተቀበለ። አየ፣ አራቀው፣ እንደገና አየ። ሰዎቹ ዶማቸውን እየተደገፉ ከበቡት። ማጉያው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ከእነዚህ ሰዎች ቀርቀሃ ሳይተክል ያደገ የለም፤ ከእነዚህ ሰዎች የቀርቀሃን ልጅ ያወቀ አንድም አልነበረም። ብዙዎቹ የራሳቸውን ደን ነቅለው ዘሩን ከአፈር ጋር ገልብጠውታል።

"ይህ ሁሉ?" አለ አዝመራው። እጁን በተዳፋቱ ላይ ዘረጋ። ከነጩ ግንድ መካከል እስከ ወንዙ ድረስ አረንጓዴ ነበር። "ይህ ሁሉ ቀርቀሃ ነው?"

"ይህ ሁሉ" አሉ አያ ይሄነው።

አዝመራው ዞረ፤ ወደ ፈረሱ ሮጠ። "ዳማ! አንተ ከይሲ! የእህቴን ርስት ነው የምትበላው?" እያለ ገመዱን ፈታ። ፈረሱ አፉ ሙሉ እንደሆነ ተጎትቶ ወጣ። ሰዎቹ ሳቁ። መጀመሪያ አንዱ፣ ከዚያ ሁሉም፤ እትዬ በቀለች እያለቀሱ ይስቁ ነበር።

በዚህ መካከል የሀዲያ ስልክ ጮኸ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው፤ ድምፁን ከፍ አደረገችው። ርዕሰ መምህሩ ነበሩ።

"የት ናችሁ? አንደኛ ወጥታችኋል! ሽልማቱን የሚቀበል ሰው አጣን!"

አያ ይሄነው ከመሬት ሳይነሱ ጮኹ። "እንስሳው እዚያው ቆሞ የለም እንዴ? አንገቱ ላይ ያንጠልጥሉለት!"

ለመንቀል የመጣ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም። ጠላውም ተዘጋጅቷል። ስለዚህ የዚያን ዕለት ደቦ አጥር ሆነ። ከሞተው ቀርቀሃ ውስጥ ቡቃያ ሳይረግጡ የሚደረስበትን እየቆረጡ፣ ተዳፋቱን በሙሉ ከብትና ፈረስ በማይገባበት አጥር ከበቡት። የቀረው ግንድ ለቡቃያው ጥላ እንዲሆን እንደቆመ ተተወ። ይህን የመከረችው ሀዲያ ናት። ዑስማን ከሱቁ ሚስማርና ገመድ ይዞ መጣ፤ አያ ይሄነው ሲያመሰግኑት፣ "ለዘመድ ነው" አላቸው።

በመጀመሪያው ዓመት ቡቃያው ከሣር አይለይም ነበር። እትዬ በቀለች ጠዋት ጠዋት እየወጡ ዶሮ ያባርራሉ፤ ከዚያ ቀደም ወደ ጓሮው ፊታቸውን አዙረው አይቀመጡም ነበር። አያ ይሄነው በዚያ ጊዜ ከሩቅ ቀበሌ የሚመጣ ቀርቀሃ በጋሪ እያስጫኑ፣ ጥቂት ወንበር እየሠሩ ቆዩ። ከባድ ጊዜ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ቡቃያው ወገብ ደረሰ፤ ግንዱ ላይ አንጓ ታየ። ዘንድሮ፣ በሦስተኛው፣ ከሰው ቁመት አልፏል። ገና ለወንበር አይሆንም፤ ግንዱ ከጣት አይወፍርም። ግን በሐምሌ ዝናብ ከየሥሩ አጠገብ ሹል፣ ወፍራም፣ ጠጉራም ቡቃያ አፈሩን እየሰነጠቀ ወጣ። ከዓመት ዓመት እየወፈረ እንደሚመጣ አያ ይሄነው ያውቃሉ፤ ይህንን ክፍል ዕድሜ ልካቸውን አይተውታል።

ጎረቤቶች መምጣት የጀመሩት ያን ጊዜ ነው። ባሕር ዛፍ የተከሉት ሁሉ አንድ በአንድ መጡ። ከሁሉም የቀደመው አዝመራው ነው። ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጎ ደጅ ላይ ቆመ፤ ልጅ ሊጠይቅ እንደመጣ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ።

"አያ፣ እንዲያው ከዚያ ቡቃያ… ለእኔም ትንሽ…"

"ማን ነው የሚጠብቀው?" አሉ አያ ይሄነው፣ ቀና ሳይሉ።

"እኔ ነኛ!"

"ፈረስህስ?"

"ፈረሴ ሌላ ቀበሌ ነው የሚያድረው። ማልልኝ ካሉ በገብርኤል እምላለሁ።"

"መሬቱን አሳየኝ መጀመሪያ። ውሃ ይተኛበታል? ፀሐይ ከየት ነው የምትወጣበት?"

ወንበር ለሚገዛ ሰው እንደሚጠይቁት ሁሉ ጠየቁት፤ አዝመራውም ያልመለሰውን ሄዶ አይቶ መጣ። ሁሉም እንዲሁ ተጠየቁ። ከዚያ አያ ይሄነው ችግኙን ከነአፈሩ እያነሱ ይዘውላቸው ወጡ። ሐምሌን ሙሉ፣ ዝናቡ ካባቸውን እያበሰበሰው፣ ከማሳ ማሳ እየዞሩ የመጀመሪያዋን ችግኝ በእያንዳንዱ ሰው መሬት ላይ በገዛ እጃቸው ተከሉ። "አታጥልቀው! አንገቱን ልቀቅለት!" የሚለው ድምፃቸው ከኩርባው እስከ ወንዙ ይሰማ ነበር።

በሚኒባስ ከጥሊሊ የሚመጣ ሰው ዛሬ በመስኮት ቢያይ፣ በባሕር ዛፉ መካከል፣ በየአጥሩ ጥግ፣ በየወንዙ ዳር አዲስ ቀርቀሃ ያያል። ቀጭን ነው፤ ነፋሱ ያጎነብሰዋል፤ ተመልሶ ይቆማል።